ቡሬ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሸጥ

ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ የመጡ ዕለት ወይዘሮ ታደለች መኝታ ቤቷ ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ስድሳን የተሻገረች ሴት፣ የልጅ ልጅ ያየች ሴት፣ እንደ ኮረዳ ተሸሽጋ የራሷን መጠየቅ ስትሰማ ምን ይባላል? ሳቅም ይመጣል፣ እንባም ይመጣል። እሷ ግን ሁለቱንም ውጣ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ፣ ከሳሎን የሚመጣውን ድምፅ አንድ በአንድ ትለቅም ነበር።

ጠያቂው አቶ ሂርጳ ነው። ልቧን ከሰጠችው ቆይታለች። ግን ሂርጳ ወግ አክባሪ ሰው ነው፤ «ልጅሽ ሳይሰማ በጓሮ በር አልገባም» ብሎ ለልጇ ለለይኩን ሽማግሌ ላከ። ባለፈው ሲመጡ የዕድሩ ዳኛ አቶ ሁሴን «ዕድሜ ልኬን ሽምግልና ስቀመጥ ልጅ ከእናት ለምኛለሁ፤ እናት ከልጅ ስለምን ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞልተውት ነበር። ለይኩንም እንደ ወጉ «መክረን እንነግራችኋለን» ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ዛሬ መልሱ የሚሰማበት ቀን ነው።

«ተቀመጡ እንጂ አባቶች» ይላል ለይኩን።

«መልሱን ሳንሰማ?» አሉ አቶ ሁሴን። «ጉልበታችን ቢከዳንም ቆመን ነው የምንሰማው። ቶሎ በለን ታዲያ፣ ሕዝቅኤልን ሪህ ይዞታል።»

«እኔ ደህና ነኝ፣ በእኔ አታሳብ» አሉ አቶ ሕዝቅኤል። ከሂርጳ ጋር አንድ ጸሎት ቤት የሚያመልኩ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው።

ለይኩን ጉሮሮውን ጠረገ። ታደለች ይህን ጉሮሮ መጥረግ ታውቀዋለች፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከበድ ያለ ነገር ሊናገር ሲል እንዲህ ነው። 

«እናቴን አልከለክልም» አለ። «አቶ ሂርጳ ጨዋ ሰው መሆናቸውን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሃይማኖትም ቢሆን፣ እሷ ማርያሟን እሳቸው ጸሎት ቤታቸውን ይዘው በሰላም እንኑር ካሉ እኔ ምን አገባኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ያንን አውሮፕላን ይሽጡ።»



«አውሮፕላኑን?» አሉ አቶ ሕዝቅኤል፣ ነገሩ ያልገባቸው ይመስል።

«አዎ። አባቴ ደህና ዋሉ ብሎ በገዛ መኪናው ወጥቶ፣ ማታ ሬሳው ነው ከደብረ ብርሃን መንገድ የመጣልን። ያኔ መኪና ነበር፣ መሬት ላይ። አሁን ደግሞ ሰማይ? እናቴ ሁለተኛ ጥቁር እንድትለብስ አልድራትም።»

«ከራስ በላይ ነፋስ ሲባል ሰምተን ነበር» አሉ አቶ ሁሴን ነገሩን ለማለስለስ፤ «ይሄ ሰውዬ ከነፋሱም በላይ ወጣ እኮ!» ማንም አልሳቀላቸውም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። ይሄ ያንተ ቃል ነው ወይስ የእሷም ነው? ለሰውየው የምናደርስለት እንደዚያው ነውና።»

ታደለች ብድግ አለች። በሩ ጋ ደርሳ እጀታውን ያዘች።

«የእሷም ነው» አለ ለይኩን። «እሳቸው በበረሩ ቁጥር እህል አይወርድላትም። ራሷ ነግራኛለች።»

ነግራዋለች፤ እውነት ነው። እፈራለሁ ብላዋለች። ይሽጥልኝ ግን አላለችም። በሁለቱ መሃል ያለውን ርቀት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ በሩ ጀርባ ናት። ወጥታ «ይሄስ የእኔ ቃል አይደለም» ብትል? የምትጠየቅ ሴት ሽማግሌ ፊት ወጥታ ስትናገር በእናቷም በአያቷም ዘመን አልተሰማም። ልጇንስ በሰው ፊት ሐሰተኛ ታድርገው? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበች። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር፣ ለራሷም ልትነግረው ያፈረችው። ፍርሃቷ ደስ ብሎታል። ለመጠየቅ ያልደፈረችውን ሌላ ሰው ጠየቀላት።

እጇ ከእጀታው ላይ ወረደ። ተመልሳ ተቀመጠች። ከውጭ ሽማግሌዎቹ «እንግዲህ እናደርሳለን» እያሉ ሲመርቁ ሰማች። አሜን ልትል ፈልጋ አፏ እሺ አላላትም።

*

ያገናኛቸው እንጦጦ ነው።

የዛሬ ስንት ዓመት፣ በማርያም ዕለት፣ እንጦጦ ማርያም አስቀድሳ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ባለው የእግር መንገድ ቁልቁል ስትወርድ፣ ከባሕር ዛፉ ውስጥ የሰው ጩኸት ሰማች።

«ታወር! ታወር! ሪኩዌስት ላንዲንግ!»

አንድ ኮት የለበሰ፣ ባርኔጣ የደፋ ሽበታም ሰው ወደ ሰማይ አንጋጦ ይጮሃል። ታደለች አማተበችና ድንጋይ አነሳች። ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ ሴት ሳቀችባት። «ኧረ ጣይው እቴ! በየጠዋቱ ነው የሚጮኸው። ሰው አይነካም።»

ታደለች በዘመኗ አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ጡረታ እስክትወጣ በመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ የነበረች ሴት ናት። እንግሊዝኛውን ሰምታ ዝም ብላ ማለፍ አልቻለችም። ድንጋዩን ሳትጥል፣ ራቅ ብላ ቆማ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ለማረፍ ፈቃድ የሚለምኑት ማንን ነው?» አለችው።

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። «መሬትን ነው እመቤቴ» አላት። «እስካሁን እሺ አላለችኝም።»

ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲያ የሳቀች አይመስላትም።

ሂርጳ አያት በሚባለው ሰፈር የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች በአባቱ እርሻ ላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ ሞፈሩን ይዞ አንጋጦ እየቀረ፣ «አንተ ልጅ፣ ትልሙ ጠመመ!» እየተባለ ነው ያደገው። ከዚያ ከተማው መጣ። እርሻው ኮንዶሚኒየም ሆነ። በሬዎቹ የሚያርሱት መሬት ሲያጡ ተሸጡ፤ መጨረሻ የተሸጠው ቡሬ የሚባለው ነበር፣ ጀርባው ላይ ነጭና ቀይ የተረጨበት። ሂርጳ በመሬቱ ካሳ የጭነት መኪናዎች ገዝቶ አሸዋ ሲያመላልስ ጎለመሰ፣ ልጆች ዳረ፣ ሚስቱን ቀበረ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ የጡረታ ጋቢ በሚያዝዝበት ዕድሜ፣ መብረር ልማር ብሎ ተነሳ።

«የልጅ ልጆቼ ከሚሆኑ ልጆች ጋር ነው የምማረው» አላት ያን ቀን። «አባባ ይሉኛል። መሪውን እሺ አሰኝቼዋለሁ። ሬዲዮው ነው የገደለኝ። እንግሊዝኛው አፌ ላይ ይተሳሰራል። ቤት ስለማመድ ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ለዚህ ነው ዛፍ ፍለጋ የመጣሁት። ዛፍ አይስቅም።»

«እኔም ዛፍ ልሁንልዎት» አለችው፣ ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እሷ ታወር፣ ከምድር ሆኖ በሬዲዮ አውሮፕላን የሚያሳርፈው ሰው፣ ሆነች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ይድገሙት፣ አልተሰማም» ትለዋለች። «ፍጥነትዎ በዛ።» «ነፋሱ በግራ ነው።» እሱ ላቡን እየጠረገ ይመልሳል። «እርስዎ» ቀስ ብሎ «አንቺ» ሆነ፤ መቼ እንደሆነ ሁለቱም አያስታውሱትም። አንድ ቀን ዝናብ መጥቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠግተው ሲቆሙ፣ ትከሻቸው ተነካካ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም።

የበረራ ፈቃዱን አገኘ። መኪናዎቹን ሸጠና፣ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የኖረች ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ገዛ። ቀለሟ ቦታ ቦታው ላይ ተልጦ፣ በላዩ ሌላ ቀለም ተቀብቶበት፣ ዥንጉርጉር ነበረች። ሂርጳ ገና እንዳያት «ቡሬ!» አለ፤ ስሙም ያው ሆነ። ከከተማው ወጣ ብሎ በስተምሥራቅ ባለ ሜዳ፣ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ አሳደራት።

የታደለችም ጭንቅ ያኔ ጀመረ። ሂርጳ ሊነሳ ሲል በስልኳ «ወጣሁ» ብሎ ይጽፍላታል፤ ሲያርፍ «ወረድኩ» ይላታል። በሁለቱ መሃል ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምታሳልፈው ለማንም አትናገረውም። ድስት ታሳርራለች። የልጅ ልጇን ሹራብ ገልብጣ ታለብሳለች። የውጭው በር በተንኳኳ ቁጥር ያ የደብረ ብርሃን መንገድ ማታ ይመለስባታል።

አንድ ጊዜ ሜዳው ድረስ ወስዷት ነበር። ከሁለተኛው መቀመጫ ላይ አዲስ ትራስ አድርጎላት፣ ትራሱን መታ መታ እያደረገ ጠበቃት። ታደለች ወጥታ ተቀመጠች፤ ቀበቶውንም አሰረላት። ሞተሩን ሊያስነሳ እጁን ሲዘረጋ ግን ክንዱን ያዘችው።

«መሬት ላይ ይበቃኛል ሂርጳ።»

ተቀይሞ ይሆን ብላ ዓይኑን አየችው። ምንም ቅያሜ አልነበረበትም። «ትራሱ የትም አይሄድ» አላት። «እኔም እንደዚያው።»

*

ሽማግሌዎቹ መልሱን ካደረሱ በኋላ ሂርጳ ዝም አለ። ስልክ የለ፣ «ወጣሁ» የለ፣ «ወረድኩ» የለ። ማርያም ዕለት እንጦጦ ወጥታ ከድንጋይዋ ላይ ብትቀመጥ አልመጣም። የወደቁ ቅጠሎችን እየሰበሰበች፣ እየበተነች፣ ቀትር ሆነባት።

ልደውልለት ብላ ስልኳን ታነሳለች። ምን ልትለው ነው? ልጄ ዋሸ? እኔ በር ጀርባ ሆኜ ሰማሁ፣ ዝም አልኩ? ስልኳን መልሳ ታስቀምጣለች። ተቆጥቷል ትላለች። ደግሞ ታሟል ትላለች። ደግሞ ትቶኛል ትላለች። ማታ ማታ የልጇ ሚስት ርሆቦት «እማዬ፣ ኧረ ትንሽ ቅመሽ» ስትላት «ጥርሴን አሞኝ ነው» እያለች ትሸሻለች።

አንድ ቅዳሜ አቶ ሁሴን ብቻቸውን መጡ። በረንዳው ላይ ሆነው ገና ሳይቀመጡ «ምሥራች!» አሉ። «ሸጦታል! ገዥው ሰብል ላይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ነው፤ ተፈራርመዋል፣ ገንዘቡም ገብቷል። በሚመጣው ሳምንት ይረከባል። እንዲህ ነው ወንድ ማለት!»

ርሆቦት እልል አለች። ለይኩን ተነስቶ እናቱን አቀፋት። «አየሽ እማ? አየሽ እንዴት እንደሚወድሽ?» አላት፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር። እሱም አባቱ የሞተበት ማታ ከጭንቅላቱ ወጥቶለት አያውቅም፣ እናቱን ከሞት የነጠቃት ነው የመሰለው።

ታደለች ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷ ይጋጭ ነበር። ደስ የሚለው ነገር ሁሉ ደርሷል፤ ሰውየው ተገኝቷል፣ ልጇ መርቋል፣ ከእንግዲህ ሰማይ አያስፈራትም። ታዲያ ይህ ብርድ ከየት መጣ? ጸሐይ ላይ ቆማ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጠበቀች።

*

በማግሥቱ ለማንም ሳትናገር ባቡር ተሳፍራ አያት ወረደች። መንገዱን ሁሉ ስታጠናው የመጣችው አንድ ነገር ነው። «ያ ቃል የእኔ አልነበረም። ሽያጩን አፍርስ። ልጄን እኔ እነግረዋለሁ።» እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ደጋግማ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች።

ሂርጳን ከግቢው በር ላይ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጥላ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከስቷል። ጢሙን አልተላጨም። ሲያያት ግን ፊቱ በራ፤ ብድግ ብሎ በርጩማውን ለቀቀላት።

«መምጣትሽን ባውቅ ጢሜን እላጭ ነበር» አላት።

«ጠፋህ።»

«ጠፋሁ። እውነትሽን ነው።» አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አልዋሽሽም። እዚያ ጫካ ውስጥ ታወር ሆና ያሳረፈችኝ ሴት እንዴት ይህን ትላለች አልኩ። ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ቡሬ አንዴ ተሸጦብኛል፤ አሁን ደግሞ ራሴ ልሽጠው?»

«ሂርጳ፣ ስማኝ…»

«ቆይ ልጨርስ፤ ከተውኩት አልደግመውም።» እጁን አየ። ሞፈርም መሪም የያዘ እጅ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ባዶውን ተዘርግቷል። «ከዚያ አንድ ጠዋት ሌላ ነገር ገባኝ። ታደለች፣ እኔን በሕይወቴ ማንም አትሙትብኝ ብሎኝ አያውቅም። አባቴ ትልሙን ብቻ ነው ያየው። ነፍሷን ይማርና፣ ሚስቴም መኪና ይዤ ስወጣ ስኳር እንዳትረሳ ነበር የምትለኝ። ልጆቼ የተማርኩ ጊዜ ሳቁ፣ ስገዛ ተቆጡ፤ ገንዘቡን ነው የተቆጡት። አንቺ ግን ከሽማግሌ ፊት፣ አገር እየሰማ፣ ይሄ ሰው በሕይወት ይኑርልኝ አልሽ። ይህን ያለኝ ሰው ካለ አውሮፕላን ምንድን ነው? ቆርቆሮ አይደል?»

ታደለች አፏን ከፈተች። ያጠናችው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አሁን ብትናገረው ምን ይቀረዋል? አውሮፕላኑ ተፈርሞበታል፤ በዚህ ዕድሜው ሌላ አይገኝለትም። የቀረው ይህ ብቻ ነው፣ አንዲት ሴት አትሙትብኝ ብላኛለች የሚለው። እሱንም ከእጁ ልትነጥቀው ነው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከአፍ ሳይወጣ የቀረውስ የት ነው የሚሄደው?

«ምን ልትይኝ ነበር?» አላት።

«ከማስረከብህ በፊት» አለች፣ «አንድ ጊዜ… አንድ ጊዜ ብቻ ይዘኸኝ ውጣ።»

ሂርጳ ቀና ብሎ አያት። «ትፈሪያለሽ እኮ።»

«እፈራለሁ። ግን የተውክልኝን ነገር ሳላየው ልቀበል አልችልም።»

ሂርጳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። እጇን ልታሳርፍበት ዘርግታ፣ ሳታሳርፍ፣ አየር ላይ ይዛው ቀረች።

*

ገዥው የሚረከብበት ዕለት ጠዋት ሰማዩ እንደ ታጠበ ነበር። ሰውየው ገና አልደረሰም። ሂርጳን ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ቡሬን ከዳሱ አውጥቶ፣ ክንፏን በጨርቅ ሲወለውል አገኘችው። ታደለች ሌሊቱን ሁሉ ጸልያ ነው የመጣችው።  ለይኩን የት እንዳለች አያውቅም፤ ቢያውቅ ሜዳው ላይ ይተኛ ነበር።

ሂርጳ ደግፎ አወጣት። ቀበቶዋን አሰረላት። ትራሱ አሁንም አዲስ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

«ልተወው?» አላት። «አሁንም መተው ይቻላል። አላዝንብሽም።»

«ሂድ!» አለችው ዓይኗን ጨፍና። «ሂድ ብቻ፣ ሳልቀይር!»

ሞተሩ ተንኮሻኮሸ፣ ጮኸ። ሜዳው ከሥራቸው መሮጥ ጀመረ። ታደለች ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ ነክሳ የማርያምን ስም ትደጋግማለች። እንዲህ ሲንገጫገጭ፣ እንዲህ ሲንገጫገጭ ቆየና፣ በድንገት መንገጫገጩ ቆመ። ያለቀልን መሰላት። ወደ ታች መውደቅን ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

አንድ ዓይኗን ከፈተች።

ከሥሯ አጨዳ የደረሰ ጤፍ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ቤቶች ክብሪት ሳጥን አክለዋል። አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣ ኖሮ፣ እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ ወደ ላይ ታያለች። በስተግራ፣ ራቅ ብሎ፣ እንጦጦ እንደ ተጋደመ ሰማያዊ ጥላ ይታያል። ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ ስትወጣው የኖረችው ይሄ ነው? ከዚህ ሲታይ አቀበትም ቁልቁለትም የለውም።

ፍርሃቷን ፈለገችው። በደረቷ፣ በጉሮሮዋ፣ በሆዷ፣ ከባሏ ሞት ወዲህ ቤቱ ባደረገበት ቦታ ሁሉ ፈለገችው። አልነበረም። ለዓመታት በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጠራ፣ ልጅ ሲዘገይ አንጀቷን ሲበላት የኖረው ነገር እዚያ ታች፣ ሜዳው ላይ፣ እንደ ወለቀ ጫማ ቀርቶ ነበር። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከልጅነቷ ወዲህ አታውቅም።

ልትነግረው ዞር አለች። ቃሉ ግን አፏ ውስጥ ደረቀ።

ሂርጳ አላያትም ነበር። ፊት ለፊቱን ነው የሚያየው። ያ ፊት እሷ የምታውቀው ፊት አይደለም። ሽበቱ ያው ነው፣ መጨማደዱ ያው ነው፤ ከውስጥ ግን ሞፈር ይዞ አንጋጦ የቀረው ልጅ ነው የሚያየው። የሚለምነው የለም፣ የሚናደደው የለም፣ ከማንም ምንም አይፈልግም። በእንጦጦ ጫካ፣ በዝናቡ፣ በግቢው በር ላይ፣ በአንድም ቀን ይህን ፊት አላየችም። ልታገባው የተዘጋጀችው ሌላ ሰው ነው፤ ይሄኛው እዚህ ላይ ነው የሚኖረው፣ ከዚህ ሲወርድ ደግሞ ይቀራል።

ሂርጳ መሪውን ቀስ አድርጎ አዘነበለ። ክንፉ ተጋደመ፣ ምድርም አብራ ተጋደመች። ታደለች እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ ዝም ብላ አለቀሰች። ከማልቀሷም ጋር፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ደስ ብሏት ነበር።

«እንመለስ» አለ ሂርጳ ከሞተሩ ድምፅ በላይ። «ሰውየው መጥቷል።»

ታች፣ ከዳሱ አጠገብ፣ አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች።

ጎማው መሬት ሲነካ እንደ ሕፃን ልጅ ጉንጭ ለስላሳ ነበር። ቡሬ እየዘገየች፣ እየዘገየች ሄዳ ሜዳው መሃል ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። በጸጥታው ውስጥ ከወዲያ ማዶ ገዥው በር ዘግቶ ወደ እነሱ ሲራመድ ይሰማል።

ሂርጳ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አላነሳም። ዞሮ አያት። ያ የአየር ላይ ፊቱ እየሄደ ነበር፤ በቦታው የሽማግሌ ፊት፣ የደከመ፣ የሚለምን ፊት እየመጣ። ጉንጯ ላይ ያለውን እንባ አየ። ሊጠይቃት ፈልጎ፣ ፈርቶ፣ ደግሞ ፈልጎ፣ በመጨረሻ እንደ ምንም አወጣው።

«ፈራሽ?»

አልፈራሁም ልትለው ነበር። በሕይወቴ እንደዚህ ሰዓት ሳልፈራ የቀረሁበት ጊዜ የለም ልትለው ነበር። በየቀኑ ይዘኸኝ ውጣ፣ ስትወድቅ አብሬህ ልውደቅ ልትለው ነበር። ቃሉ ሙሉ ሆኖ ደረሰላት። ዓይኑን ስታየው ግን የሚጠብቀውን አየች። ያ ሁሉ በከንቱ እንዳልተሸጠ የምትነግረው እሷ ብቻ ናት። ገዥው አሥር እርምጃ ያህል ቀርቶታል።

«ፈራሁ» አለች። «ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እንኳን ሸጥከው ሂርጳ። እግዚአብሔር ይስጥህ።»

ሂርጳ ተነፈሰ። ከብዙ ሳምንት ወዲህ የያዘው ትንፋሽ ነበር የሚመስለው። ትከሻው ወረደ፣ እጁ ከመሪው ተላቀቀ። ፈገግም አለ።

«አውቄ ነበር» አላት። «አየሽ፣ ልክ ነበርሽ። ልክ ነበርሽ።»

ታደለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እሱ ቀበቶዋን ፈትቶ፣ ደግፎ አወረዳት፤ ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት፣ እየተንቀጠቀጠች ነበርና። ከኋላቸው ገዥው «ደህና አደራችሁ» እያለ ክንፉን መታ መታ ያደርጋል። ሂርጳ ዞሮ አላየውም። ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ጀርባዋን እያሻሸ፣ ደጋግሞ ያጽናናት ነበር።

«አይዞሽ፣ የእኔ እመቤት። አይዞሽ፣ አለቀ። ከእንግዲህ የሚያስፈራሽ የለም።»